ቤንዚኑን የሚበላው ማን ነው?

ልጄ፣ ያ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የገዛኸው ያማሃ ዲቲ 125 ቤንዚን ጨረሰብኝ ብለህ መልእክት ልከህልኛል። አንዱ መካኒክ ካርቡሬተሩን ቀይር እንዳለህም ሰምቻለሁ። ለጊዜው ብርህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። በቱ ስትሮክ ሞተር ላይ ካርቡሬተር የሚነካው መጨረሻ ነው።

በፊት በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር? አሁንስ? "ድሮ በሁለት መቶ ብር ቀኑን ሙሉ እሠራ ነበር" የሚል መልስ አልቀበልህም። በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን በማደያ እንኳ በሊትር ከ100 ብር አልፏል፤ ማደያው ሲደርቅ ከመንገድ ዳር የምትገዛው ደግሞ ዋጋው እንደ ሻጩ ነው። ብር የሞተርን ጤና አይለካም። ደግሞስ ያ "ሁለት ሊትር ነው" ተብሎ የሚሰጥህ ሃይላንድ በእርግጥ ሁለት ሊትር ይይዛል? አንዳንዱ ከአንገቱ በታች የቆመ ነው፤ አንዳንዱ ወገቡ በሙቀት ተጨማዶ የጎደለ ነው። እዚያው ላይ ከአሥር አንዱ እጅ ከጠፋብህ፣ ሞተሩን ብትንትኑን ብታወጣው ሌባውን አታገኘውም።

ስለዚህ ለካ። ሞተሩን ደልዳላ ቦታ አቁመህ ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሙላ። ከምትሠራባት ሳንጃ ወደ ትክል ድንጋይ አቅጣጫ የቻልከውን ያህል ሂድና በዚያው መንገድ ተመለስ፤ ዳገቱና ቁልቁለቱ እንዲካካስ ነው። ከዚያ ልኩ በታወቀ ዕቃ እስከዚያው አፍ ድረስ መልሰህ ሙላና የገባውን ጻፈው። ከጨረታ የወጣ ሞተር ቆጣሪው የሚሠራ ብርቅ ነው፤ የስልክህ ጂፒኤስ ግን ያለ ኔትወርክም ርቀት ይይዝልሃል። ጤነኛ 125 ቱ ስትሮክ ጭነት ሳይበዛበት በሊትር ከ25 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከኋላህ ሰው አፈናጥጠህ፣ ግማሽ ኩንታል ሰሊጥ ጭነህ፣ በእርሻ መንገድ በሁለተኛ ማርሽ እየጎተትክ 20 ብታገኝ ሞተሩን አትውቀሰው።

ቤንዚኑን ራሱንም መርምር። በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጠብ አድርግ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ከሆነ የቅባት ክብ ጥሎ ይቀራል። ዘይት አስቀድሞ የተቀላቀለበት ቤንዚንም ክብ ስለሚተው፣ ሙከራህን ዘይት ከመጨመርህ በፊት አድርገው። ነጭ ጋዝ የጠጣ ሞተር ይጨሳል፣ ጉልበት ያጣል፤ አንተም ያንን ለማካካስ ነዳጅ አብዝተህ ትሰጠዋለህ። በነገራችን ላይ "ማለዳ የተቀዳ ቤንዚን ይበዛል" የሚሉህን አትስማቸው። ቤንዚን በአሥር ዲግሪ ሙቀት የሚሰፋው አንድ በመቶ ቢሆን ነው። ለዚያ ብለህ እንቅልፍህን አታጥፋ።

ቀጥሎ መንከባለሉን እይ። ጎማዎቹን ተራ በተራ ከመሬት አንሥተህ በእጅህ አሽከርክራቸው፤ ፍሬኑ የሚይዝ ከሆነ ቤንዚንህ እዚያ እየተፋጨ ነው። ካቴናው እንደ ክራር ጅማት ከተወጠረ አላላው። የጎማውን ንፋስ አስለካ። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አሁን ወደ ማርሚታው እንምጣ። እዚህ ላይ ልብ ብለህ አድምጠኝ። ቱ ስትሮክ እንደ ፎር ስትሮኩ ባጃጅ ቫልቭ የለውም። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የጭሱ መውጫና የአዲሱ ነዳጅ መግቢያ በአንድ ጊዜ ክፍት ሆነው ይቆያሉ። ስለዚህ ከአዲሱ ነዳጅና አየር የተወሰነው ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ተከትሎ ይወጣል፤ የሚያመልጠው እስከ ሲሶ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ያ ሆዱ ያበጠው ቧንቧ የተሠራው ይህን ለመቀነስ ነው። የጭሱ ግፊት ቧንቧው መጨረሻ ያለውን ጠባብ ክፍል መትቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስም ያመለጠውን ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያራቀቀው የምሥራቅ ጀርመኑ የኤምዜድ መሐንዲስ ዋልተር ካደን ነበር። የኤምዜዱ ጋላቢ ኤርነስት ዴግነር በ1961 ስዊድን ላይ ከድቶ እውቀቱን ለጃፓኑ ሱዙኪ ወሰደው፤ በማግሥቱ ዓመት ሱዙኪ በዴግነር ጋላቢነት በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሰው አገሩን የተወበትን ቧንቧ የእኛ ልጆች ድምፁ እንዲያምር በመጋዝ ይቆርጡታል! ያንተም ተቆርጦ ወይም ተበስቶ ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልግ፤ ጫጫታውን የምትገዛው በቤንዚን ነው። ካልተቆረጠ ደግሞ ፈትተህ ውስጡን እይ። ዓመታት የነደደ ዘይት ከሰል ሆኖ መውጫውን ያጠብበዋል። ከሲሊንደሩ አፍ ላይ ፒስተኑን ወደ ታች አውርደህ፣ ሳትቧጭር በእንጨት ፍቀው።

ዘይቱስ? ዲቲ የራሱ የዘይት ዕቃና ፓምፕ አለው፤ ፓምፑ ከነዳጅ መስጫው ሽቦ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ሰው ፓምፑን ስለማያምነው ቤንዚኑ ውስጥም ዘይት ይጨምራል። ያኔ ሞተሩ ዘይት ሁለት ጊዜ ይጠጣና ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ይደፈናል። ፓምፑ መሥራቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ የዘይት ዕቃውን ሞልተህ ምልክት አድርግና ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላ መጉደሉን እይ። ከጎደለ ቤንዚንህ ንጹሕ ይሁን። ፓምፑ ተነቅሎ ከሆነ ከፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዛ። ለአንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ሲሪንጅ ሙሉ የቱ ስትሮክ ዘይት ሃምሳ ለአንድ ይሆንልሃል። በጠርሙስ ክዳን መለካት ይቅር።

የአየር ፊልትሮውን ረስቼ አይደለም። የአርማጭሆ አቧራ በበጋ ምን እንደሚያደርግ አንተም ታውቃለህ። የተደፈነ ፊልትሮ አየር ስለሚከለክል ሞተሩ ቤንዚን ያበዛል። ስፖንጁን በሳሙና እጠበው፣ ጥላ ላይ አድርቀው፣ ትንሽ ዘይት ነካ አድርገህ ጨምቀህ መልሰው። አውጥቶ መጣልን የሚመክርህ ሰው ካጋጠመህ ፒስተንና ፋሻ ይሸጥ እንደሆነ ጠይቀው።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ አዲስ ካንዴላ ግጠም፣ ጥሩ አድርገህ ንዳ፣ በፍጥነት ላይ እያለህ ፍሪሲዮን ይዘህ ሞተሩን አጥፋና አውጥተህ እየው። የቡና ዓይነት ቀለም ካለው ደኅና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ቾኩ እስከ መጨረሻው መመለሱን፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ መዝጊያም አለማፍሰሱን እይ። ሞተሩን ስታቆም የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋ፤ ቆሞ ሲያድር የሚንጠባጠበውን ማንም አይቆጥረውም። ካንዴላው ከነጣ ግን ቤንዚን አንሶታል፣ አደጋውም እዚያ ነው።

ካርቡሬተር መጨረሻ ይነካ ያልኩህ ለዚህ ነው። የሳንጃና የጎንደር አየር አንድ አይደለም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። እዚያ ያለ መካኒክ ቤንዚኑን ቀንሶ አስተካክሎ ከሰጠህ፣ ወደ ሳንጃ ቆላ ስትወርድ አየሩ ይወፍርና ቤንዚኑ ያንሰዋል። ሳንጃ ላይ የተስተካከለው ደግሞ ጎንደር ሲወጣ ይጨሳል፣ ይጠማዋልም። እንግዲህ በሚያዝያ ሙቀት፣ ጭነት ይዘህ፣ ቤንዚን ባነሰው ሞተር ሙሉ ነዳጅ እየሰጠህ ስትበር ፒስተኑ ይግልና ከሲሊንደሩ ጋር ይነካከሳል። የኋላው ጎማ በድንገት ይታሰራል። በቁጠባ ስም ሰው ከሞተር የሚወረወረው እንዲህ ነው። ካርቡሬተሩን የምታስነካ ከሆነ በምትሠራበት ቆላ ይሁን፤ አስነክተህም ካንዴላውን እንደገና እይ።

አሁንም ካልተሻለው ችግሩ ከውስጥ ነው። መርገጫው ያለ ጉልበት የሚወርድልህ ከሆነ ፋሻው አልቋል። የካምቢዮ ዘይት ወደ ውጭ ሳያፈስ እየጎደለ ነጭ ጭስ የሚበዛ ከሆነ ደግሞ በፍሪሲዮን በኩል ያለው የክራንኩ የጎማ ማሸጊያ (ሲል) ተበልቷል፤ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ያቃጥላል። ይህኛውን ዛፍ ሥር በመዶሻ እንዳታስፈታ። ጎንደር ውጣ፤ ጋራዥ ስትደርስም የጻፍከውን ኪሎ ሜትርና ያወጣኸውን ካንዴላ ሳትጠርግ አሳያቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ፤ ዘይት ሁለት ጊዜ ስታጠጣው ከኖርክም ሳታፍር ንገራቸው።