የ22 ዓመት መንገድ

የአሜሪካ ፉትቦል በአገራችን እግር ኳስ ከሚባለው ጨዋታ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ኳሱ ሞላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይያዛል፣ በእጅም ይወረወራል፤ ከየቡድኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሱን የያዘው ወገንም በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ወደፊት ካልገፋ ተራውን ለተጋጣሚው ይለቃል። እያንዳንዱ ሙከራ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ተነድፎ በልምምድ የተጠና ስለሆነ፣ ንድፉን የሚያወጣው የማጥቃት አሰልጣኝ ከሜዳ ጠርዝ ቆሞ ከሚጮህ ሰው ይልቅ ለመሐንዲስ ይቀርባል። በዚህ ሙያ መሰማራት የሚሻ ወጣት፣ እንዲሁም በሌላ ሙያ ውስጥ ሆኖ ዕድገቱ ዘገየ ብሎ የሚብሰለሰል ሁሉ፣ የቢል ዋልሽን የሥራ ዘመን በጥሞና ቢመረምር ይጠቀማል።

ዋልሽ በ1931 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሎስ አንጀለስ ተወልዶ የአሰልጣኝነት ሥራውን በ1957 በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀመረ፤ በዚያም ከፉትቦሉ ጎን ዋና ያሠለጥን ነበር። ከዚያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በስታንፎርድ ምክትል ሆኖ ሲሠራ ይበልጡን የተመደበው በመከላከል በኩል ነው፤ የማስተርስ ጥናቱም ያተኮረው በመከላከል ላይ ነበር። በኋላ በማጥቃት ጥበቡ ስመ ጥር ለሆነ ሰው እነዚህ ዓመታት የባከኑ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን አጥር ሲያጥር የኖረ ሰው ቀዳዳው የት የት እንደሚቀር ከማንም ይልቅ ያውቃል። ስለዚህ ከዝንባሌው ውጭ የተመደበ ወጣት ምደባውን እንደ ቅጣት ከመቁጠሩ በፊት፣ ነገ የሚገጥመውን ባላጋራ አስተሳሰብ ከውስጥ ሆኖ እያጠና እንደሆነ ሊያስብ ይገባዋል።

በ1966 ወደ ኦክላንድ ሬይደርስ፣ ማለትም ወደ ሙያተኞች ሊግ ገብቶ ኳስ ይዘው የሚሮጡትን ተጫዋቾች አሠለጠነ። በማግስቱ ዓመት ዋና አሰልጣኝ ለመሆን ሲል ወደ አንድ አነስተኛ ሊግ ወርዶ ሳንሆዜ አፓቺስን ያዘ፤ ቡድኑ ግን ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። በ1968 ዋልሽ የሲንሲናቲ ቤንጋልስ መሥራች በሆነው በፖል ብራውን ሥር እንደገና ምክትል ሆኖ ተቀጠረ።

የሙያው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን በእጁ ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር ወይም እንደሚሰጥ የሚወስነው ተጫዋች ሲሆን፣ ሲንሲናቲ በ1969 ግሬግ ኩክ የተባለ ክንደ ብርቱ ወጣት አግኝቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ትከሻው ተጎድቶ ከሜዳ ራቀ። በቦታው የገባው ቨርጂል ካርተር አስተዋይና ቀልጣፋ ቢሆንም ኳስ አርቆ የመወርወር ጉልበት አልነበረውም። ዋልሽ የሌለውን ክንድ ከመመኘት ይልቅ ያለውን ክንድ ለካ፤ የሜዳው ወርድ 49 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ርዝመቱን ትቶ በወርዱ መጠቀም ይቻላል ሲል አሰበ። በዚህ ስልት ኳርተርባኩ ሦስት እርምጃ ወደኋላ ያፈገፍጋል፤ ሦስተኛው እርምጃ መሬት ሲነካ ኳሱ ከእጁ ይወጣል፤ በዚያችው ቅጽበት ተቀባዩ ጥቂት ሜትር ሮጦ ዘወር ይላል፤ የመጀመሪያው ተቀባይ ከተያዘ ዓይን ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ይሻገራል። የእግሩ እርምጃ እንደ ሰዓት ሆኖ ለዓይኑ ጊዜ ይቆጥርለታል ማለት ነው። ካርተር በ1971 ከወረወራቸው ኳሶች 62.2 በመቶ የሚሆኑት በወገን እጅ ገብተው በዚህ ረገድ ከሊጉ አንደኛ ወጣ። በኋላ ዌስት ኮስት፣ ማለትም የምዕራብ ጠረፍ ስልት ተብሎ የተጠራው ጥበብ የተፀነሰው በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ፣ ያውም በአንድ ደካማ ክንድ ምክንያት መሆኑ ስም አውጪዎችን ትንሽ ሊያሳፍር የሚገባ ነገር ነው።

ፖል ብራውን ከ1975ቱ ውድድር በኋላ ሥራውን ሲለቅ ቦታውን የሰጠው ስምንት ዓመት ላገለገለው ለዋልሽ ሳይሆን ለሌላው ምክትል ለቢል ጆንሰን ነበር። እንዲህ ያለው መታለፍ መራራ እንደሆነ መካድ ወጣቱን ማታለል ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ዋልሽ ደብተሩን ይዞ መሄዱ ነው፤ በ1976 ሳንዲያጎ፣ በ1977 ስታንፎርድ፣ በመጨረሻም በ1979፣ በ47 ዓመቱ፣ የሳንፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ሁለት ድልና 14 ሽንፈት ነበር። በዚያው ዓመት በምልመላ 82ኛ ሆኖ የተመረጠው ጆ ሞንታና ግን ለዚህ ስልት የተፈጠረ የሚመስል ኳርተርባክ ሆኖ ተገኘ። ዋልሽ የግጥሚያውን የመጀመሪያ 15 ያህል ሙከራዎች አስቀድሞ በቅደም ተከተል ይጽፍ ነበር፤ ምክንያቱም ሰው በጩኸትና በጭንቀት መካከል ከሚወስነው ይልቅ በጸጥታ የወሰነው ይሻላል። ቡድኑ በጥር 1982 ለዋንጫ ሲቀርብ የገጠመው ያንኑ ሲንሲናቲን ሲሆን 26 ለ 21 አሸነፈው።

ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። ዋና አሰልጣኝ ሲባረር ምክትሎቹም አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሰናበታሉ፤ ቤተሰብ ከከተማ ከተማ ይንከራተታል፤ የልጆች ትምህርት ቤት ይለዋወጣል። ስለዚህ በዚህ ሙያ የሚገባ ሰው ከቅጥር ውሉ በፊት ከትዳር ጓደኛው ጋር መመካከር አለበት። ዋልሽ ራሱ በጥር 1989 ሦስተኛውን ዋንጫ ባነሣ ማግሥት በድካም ተሰናበተ። በቀጣዩ ውድድር ዘመን ጆርጅ ሲፈርት ቡድኑን ተረክቦ ዋንጫውን ሲደግም፣ የማጥቃቱን ክፍል የመራው ማይክ ሆልምግሬን ነበር፤ እርሱም ከዓመታት በፊት በዚያው በሳንፍራንሲስኮ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምር የነበረ መምህር ነው።