መቀጠል ጽናት፣ ማቆም ሽንፈት ነውን?

ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጉልበቱ እየደከመ የሄደ ሰው ከባድ ጉዞ ቢጀምር እምነት ነው እንላለን ወይስ ግትርነት? በመንገድ ቢያቆምስ ተሸነፈ እንላለን? ጥያቄው የአያቶቻችሁ እንጂ የእናንተ ላይመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ከመካከላችሁ በትምህርቱ የዛለ፣ በአገልግሎቱም የደከመ፣ “ልቀጥል ወይስ ልተው?” እያለ ሌሊት የሚገላበጥ አለ። ስለዚህ ከሽማግሌ ብስክሌተኞች እንማር።

በፈረንሳይ አገር በየአራት ዓመቱ የሚደረግ “ፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ” የሚባል የብስክሌት ጉዞ አለ። ከፓሪስ አካባቢ ተነሥቶ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር እስካለችው ብሬስት ከተማ ደርሶ ይመለሳል። ርቀቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ሁለት ጊዜ ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1891 ሲጀመር ውድድር ነበር፤ ዛሬ ግን ለአንደኛ የሚሰጥ ሽልማት የለም። ያለው የጊዜ ገደብ ነው፤ ረጅሙም 90 ሰዓት ነው። እንቅልፉም፣ ምግቡም፣ የተነፈሰ ጎማ መጠገኑም ከዚያው ሰዓት ላይ ይቆጠራል።

በዚህ መንገድ ላይ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ከማን ጋር ይታገላል? በጎኑ እንደ ነፋስ ከሚያልፈው ወጣት ጋር አይደለም። ልቡ እንደ ድሮው በፍጥነት አይመታም፤ ጡንቻውም ቶሎ አያገግምም። በሁለተኛው ሌሊት እንቅልፍ ሲጫነው ሁለት ድምፆች ይሰማል። አንዱ “ቀጥል፤ ብታቆም ሰው ምን ይላል?” ይለዋል። ሌላው “ተው፤ በዚህ ዕድሜህ ምን አለፋህ?” ይለዋል። የመጀመሪያው ትዕቢት ነው፤ ሁለተኛው ስንፍና ነው። ሁለቱም ታማኝ መካሪዎች አይደሉም፤ ሁለቱም ስለ እውነቱ አይጠይቁምና። እውነቱ ግን ቀላል ጥያቄ ነው፦ ይህ ሕመም ድካም ነው ወይስ ጉዳት? ዓይኔ እየተከደነ ቁልቁለት ብወርድ ሌላውን ሰው አልገጭምን? እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ከመንገድ ዳር አንድ ሰዓት ይተኛል፤ ወይም ይነሣና ይሄዳል፤ ወይም ብስክሌቱን አስደግፎ ይመለሳል። ከሦስቱ ማናቸውም ቢሆን የታማኝ ሰው ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

ሮበርት ማርሻን የተባሉ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1911 ተወለዱ። ኑሮ ብዙ አንከራተታቸው፤ በካናዳ እንጨት ቆርጠዋል፣ በቬንዙዌላ የጭነት መኪና ነድተዋል። ወደ ብስክሌት አጥብቀው የተመለሱት በ67 ዓመታቸው ነው። በኋላም ከፓሪስ እስከ ሞስኮ በብስክሌት ተጓዙ። በ102 ዓመታቸው በአንድ ሰዓት 26.927 ኪሎ ሜትር ሸፈኑ። በ105 ዓመታቸው እንደገና ሞክረው 22.547 ኪሎ ሜትር ሄዱ።

ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። ከራሳቸው ውጤት ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ቀንሰዋል። ወደቁ እንበልን? በ105 ዓመት የተሰጣቸው መጠን ይህ ነበረ፤ በዚያም መጠን ሳያፍሩ ሮጡ። በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ሐኪሞች ሲመክሯቸው ከውድድር ወጡ፤ እቤታቸው ግን በቋሚ ብስክሌት ላይ ፔዳል መምታታቸውን አልተዉም። መቀጠልንም ማቆምንም ያውቁ ነበር።

ቃሉም ሁለቱንም ዓይነት ሰው ያሳየናል። ካሌብ በ85 ዓመቱ ኢያሱ ፊት ቆሞ ተራራማውን አገር ጠየቀ (ኢያሱ 14)። ይህን ታሪክ እየጠቀስን የደከመውን ሰው ስንገሥጽበት እሰማለሁ። ይሁን እንጂ ካሌብ ጉልበቱ እንደ ቀድሞው እንደ ሆነ ራሱ ተናግሯል፤ ሁላችንም ይህ አልተሰጠንም። ዳዊትን ደግሞ ተመልከቱ። ቤተ መቅደስ ሊሠራ በልቡ ነበረ፤ ጌታ ግን አንተ አትሠራም አለው። ዳዊት አኩርፎ አልተቀመጠም፤ ድንጋዩንና ዝግባውን፣ ወርቁንና ብሩን ለልጁ ለሰሎሞን አዘጋጀ (1ኛ ዜና 22)። ካሌብ ወደ ተራራው በመውጣቱ፣ ዳዊትም በመቆሙ ታዘዙ።

እንግዲህ ጽናት የጉልበት ብዛት አይደለም፤ በተሰጠን መጠን መታመን ነው። በቀኝህ ያለው ወንድም እጥፍ አድርጎ ቢያገለግል፣ የእርሱ መንገድ ያንተን ርዝመት አይለካም። በግራሽ ያለችው እህት ቆም ብላ ብታርፍ፣ ደከመች ብለሽ አትፍረጂባት። ከጉባኤው ኋላ የሚቀመጡትን አባት “አረጁ” ብላችሁ ከሥራ አታግልሏቸው፤ ምን መጠን እንደ ቀረላቸው ጠይቋቸው።

ለራሳችሁም በዚህ ሳምንት ጊዜ ውሰዱ። ልትተዉት ያሰባችሁትን ነገር፣ ወይም ሰውን ፈርታችሁ የምትጎትቱትን ነገር በጌታ ፊት አቅርቡት። የሚናገረው ትዕቢት ነው ወይስ ስንፍና? ሁለቱ ድምፆች ዝም ካሉ በኋላ የምትሰሙትን ታዘዙ፤ ቀጥል ቢላችሁም ቁም ቢላችሁም።