ስላልተገኘ የተተወ መጠጥ

በመንሱራ እንጀራው፣ በርበሬው፣ ቡናው ሁሉ አለ፤ ቢራ ብቻ የለም። ከመንፉሃ ጎን ያለው ይህ የደቡብ ሪያድ ሰፈር የአገራችን ሰው ተጠጋግቶ የሚኖርበት ነው። ሳምንቱን ሙሉ መሪ ላይ የዋለ እንደ እኔ ያለ ሾፌር፣ አርብ ሲደርስ ከበቃላ (ከሰፈር ሱቅ) ገዝቶ የሚከፍተው ባርቢካን ወይም ሙሲ ነው፤ ብቅል ብቅል የሚሉ፣ አልኮል የሌለባቸው። ታዲያ እዚህ ለዓመታት አልኮል ያልቀመሰ ሰው መጠጥ ትቷል ይባላል? ጥያቄውን ቀላል አድርጌ አላየውም። እናቴ በስልክ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እዚያ ሄደህ መጠጡን ተውክልኝ" ባለችኝ ቁጥር "አሜን" ለማለት አፌ ይያዛል።

አርብ ከምሳ በኋላ ወጋችን ወደ ቢራ መሄዱ አይቀርም። የጎንደሩ ልጅ ዳሸንን የሚነካበትን አይወድም። አዲስ አበባ ያደገው ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ መኖሩን ያነሳና ሌላው ሁሉ ትናንት የመጣ ነው ይላል። የማይጨው ልጅ ለራያ፣ የጅማው ለበደሌ፣ የድሬዳዋው ለሐረር ይሟገታሉ፤ እኔ ለኮምቦልቻው ፋብሪካ እቆማለሁ። ከጎጃም የመጣው ጓደኛችን የፋብሪካ ቢራን ከነጭራሹ አይቆጥርም። የእናቱን ጠላ ከጥንስሱ እስከ ድፍድፉ፣ ጌሾው እንዴት እንደሚወቀጥ፣ ጋኑ በወይራ እንዴት እንደሚታጠን ሲተርክ ሁላችንም ዝም ብለን እናዳምጠዋለን። በዚህ ሁሉ ክርክር የሌላውን አገር ቢራ ያሞገሰ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሰው የሚያወድሰው የተወለደበትን ውሃ ነው፤ ስለዚህ ናፍቆቱን የስካር ፍቅር ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ልክ አይመስለኝም።

አንድ አርብ የደሴ ልጅ የሆነ ሙስሊም ጓደኛዬ ሲሰማን ቆየና፣ "አንተዬ፣ እኔ እኮ ግሮሰሪው ደጄ ላይ እያለ ነው ያልጠጣሁት፤ እናንተ ግን አጥታችሁ ነው" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በወሎ ሰርግ ላይ ለእሱና ለመሰሎቹ ጌሾ የማይገባበት ቀሪቦ ለብቻ ይቀዳላቸዋል፤ ጠላው እዚያው ድንኳን ውስጥ እየዞረ፣ እሱ እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው ቀሪቦውን ነበር። አሁን ሁለታችንም የያዝነው አንድ ዓይነት ጠርሙስ ነው። የእሱ ዒባዳ (አምልኮ) ነው፤ የእኔ ግን የሱቁ መደርደሪያ የወሰነልኝ ነገር ነው። ሙስሊሞች ሥራ በኒያ (በልብ ሐሳብ) ይመዘናል ይላሉ። በእኛም ትምህርት ጾም ያለውን መተው ነው፤ የሚበላ አጥቶ ያደረ ሰው ተራበ እንጂ ጾመ አይባልም።

ስለ ጾም ሳስብ የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ ስም ይከነክነኛል። አቦ የምንላቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ገድላቸው እንደሚተርከው እህል ውሃ ሳይቀምሱ የኖሩ ጻድቅ ናቸው። በእሳቸው ስም ቢራ ሲጠመቅ ለምደነው ማንም አይጠይቅም። እኔ ግን መጠየቅ ነበረብን ባይ ነኝ።

እዚሁ ጎረቤታችን መንፉሃ፣ ከ1400 ዓመት በፊት፣ አል-አዕሻ የሚባል ገጣሚ ነበር። ወይን ጠጅን በመግለጽ ስሙ የገነነ ነው። ወደ ነቢዩ ሙሐመድ ሊሄድ ተነስቶ ሳለ የቁረይሽ ሰዎች መንገድ ላይ አግኝተውት አዲሱ ሃይማኖት መጠጥ እንደሚከለክል ነገሩት ይባላል። እሱም "እንግዲያው ዘንድሮን ልጠጣና እመለሳለሁ" ብሎ ወደ መንደሩ ዞረ፤ ዓመቱ ሳይሞላም ሞተ። ታሪኩ የሚከብደኝ ምርጫው በእጁ ስለነበረ ነው። አል-አዕሻን የከለከለው አልነበረም፤ ቀጠሮውን ያራዘመው ራሱ ነው። እኛ ያለንበት ሪያድ ሌላ ነው። አገሪቱ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙስሊም ላልሆነው የውጭ ሰውም መጠጥ ከልክላለች፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ለዲፕሎማቶች የተከፈተውም ሱቅ ተራ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የያዝን ሠራተኞችን አይመለከትም።

ክልከላው ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ደመወዝ በተቀበሉ ማታ የሚጠራቸው ግሮሰሪ ስለሌለ ለእናታቸው ቤት የሠሩ፣ እህት ያስተማሩ ልጆች አውቃለሁ። ሕግ ለሰው የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ውሳኔውን ግን አይወስንለትም። ክፍል ዘግተው ተደብቀው በሚጠምቁት ላይ ደግሞ ቃሌ አንድ ነው፤ ተዉት። ሹርጣ (ፖሊስ) በሩን ያንኳኳ ዕለት፣ ምኑንም ያላወቀ አብሮ አዳሪ አብሮ ሊታሰር፣ አብሮ ሊጠረዝ ይችላል። የራስን ጥም በሰው እንጀራ ማርካት በየትኛውም ሃይማኖት ኃጢአት ነው።

የእኔንና የሙስሊሙን ጓደኛዬን መጻሕፍትና ሥርዓት ሳይ ዘቢብን አገኛለሁ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ልሔም ዲያቆኑ ለቅዳሴ ዘቢብ በውሃ ዘፍዝፎ ይጨምቃል፤ ሳይፈላ ለመሥዋዕት ይቀርባል። በሐዲስም ነቢዩ በውሃ የተነከረ ዘቢብ እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ይጠጡ እንደነበር፣ ከዚያ የተረፈው እንደሚደፋ ተነግሯል። ፍሬው አንድ ነው፤ ሁለቱም ጋ ከፊቱ የቀረበለትን አይቶ፣ እስከዚህ ነው ብሎ የሚያቆም ሰው አለ። እኔ መንሱራ ውስጥ እንዲህ ብዬ የማቆምበት ጊዜ ገና አልመጣም። የሚመጣው አገሬ የገባሁ ዕለት ነው።

ስለዚህ ከዐረብ አገር ዘመድ የምትቀበሉ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከቦሌ መጥቶ ገና ሳይቀመጥ፣ "መቼም ናፍቆህ ይሆናል" ብላችሁ ጠርሙስ አትክፈቱለት። ከቢራው ጎን ቀሪቦም ሆነ ብርዝ አስቀምጡና ምን ልቅዳልህ ብላችሁ ጠይቁት። ለዓመታት ይህን የጠየቀው የለም። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ቅዱለት።