ከበሮውን መጀመሪያ በአንድ ስፒከር ስማው

ልጄ፣ በቴሌግራም የላክህልኝን የሠርግ ዘፈን ቅንብር ደጋግሜ ሰማሁት። ዜማውን ወድጄዋለሁ፤ ስለ ክራሩም የምለው የለኝም። ያሳሰበኝ ድራሙ ነው። በሄድፎን ስሰማው ክላፑ ከግራም ከቀኝም ይመጣል፤ ሰፊ ነው፣ ያምራል። ባለ አንድ ስፒከሯን ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ስከፍተው ግን ክላፑ የለም! ስልክ ድሮም ቤዝ አያወጣምና ኪኩን በእሷ አልፈረድኩበትም። ትልቁን ስፒከር ሞኖ አድርጌ ሰማሁት፤ ኪኩም ሆዱ ጎድሏል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልህ።

ክላፑን ለማስፋት አንዱን ቅጂ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ወስደህ የአንዱን ፖላሪቲ ገልብጠኸዋል፤ ወይም የማስፊያ ፕለጊኑ ይህንኑ ሳይነግርህ ሠርቶልሃል። ሞገዱ በግራ ወደ ላይ ሲወጣ በቀኝ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለት ጆሮ ለየብቻ ሲሰማው ሰፊ ይመስላል፤ ሁለቱ በአንድ ስፒከር ሲደመሩ ግን ተጣፍተው ባዶ ይቀራል። አንዱን ጎን በጥቂት ሚሊሰከንድ የማዘግየቱ ዘዴ ከዚህ ቢሻልም ንጹሕ አይደለም። የ1 ሚሊሰከንድ መዘግየት ሞኖ ሲሆን 500 ኸርዝን፣ 1,500ን፣ 2,500ን እያለ ድምፁን በየሺሁ ይቦረቡረዋል፤ የክላፕ ጉልበት ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች።

“ዛሬ ሞኖ የሚሰማ ማን አለ?” እንደምትለኝ አውቃለሁ። ያንተ ዘፈን የሚከፈተው ሠርግ ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ ግራና ቀኝ ሞንታርቦ ቢተከል በግራው ሥር የተቀመጠ እድምተኛ የሚሰማው ግራውን ነው። ከበሮውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ከወሰድከው የሙሽራዋ ዘመድ እስክስታ ሲወርድ የሙሽራው ዘመድ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ብዙ የድምፅ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ሞኖ አድርገው ነው የሚለቁት። የሱቁ ብሉቱዝ ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ አንድ አፍ ነው ያለው። የታክሲውን የበር ስፒከር ተወው፤ አንዱ ከሞተ ቆይቷል። ኤፍኤም ሬዲዮም ሞገዱ ሲደክምበት ስቴሪዮውን ትቶ ወደ ሞኖ ይመለሳል።

ደግሞ ሞኖን አትናቀው። ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ቲአር-808 ዋና መውጫው ሞኖ ነበር፤ ለየድምፁ ለየብቻ መውጫ ስለነበረው መበተን የፈለገ ይበትነው ነበር። ዛሬም ሁሉ የሚኮርጀው ኪኩ ግን መሃል ላይ የቆመው ነው። የእኛው ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ አኮርዲዮኑን፣ ሮድሱንና ዲኤክስ7ቱን በሪትም ማሽን ላይ እየደረበ ሲቀዳ ልክ እንዳንተ ብቻውን ነበር። ድራመር የሌለው ሰው ማሽኑን እንዴት እንደሚያስከብረው መስማት ከፈለግህ እሱን አዳምጥ።

አሁን ወደ ሥራው። በሪፐር ማስተሩ ላይ የሞኖ ቁልፍ አለ፤ በኤብልተን “ዩቲሊቲ”፣ በሎጂክ “ጌይን” የሚባለውን ማስተሩ ላይ አስገብተህ ሞኖ አድርገው። ከዚያ አንዱን ስፒከር አጥፋ። ሁለት ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ ሲያወጣ ራስህን ባነቃነቅህ ቁጥር ድምፁ ይለዋወጥብሃል፤ አንዱ ግን አይዋሽህም። ድምፁንም አጠገብህ ካለ ሰው ጋር ሳትጮህ በምታወራበት ልክ ዝቅ አድርገው።

ኪኩን አስቀድም። ሁለት ኪክ ደርበህ፣ አንዱን ትንሽ ወደ ግራ፣ ሌላውን ትንሽ ወደ ቀኝ አድርገሃል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ሁለቱንም ወደ መሃል መልሳቸው። ከዚያ ሞገዳቸውን አጉልተህ እይ። የአንዱ የመጀመሪያ ጉብታ ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ከሆነ ሆዱን የበላው እሱ ነው። ፖላሪቲ መገልበጫዋን፣ ያቺን ክብ ላይ ጭረት ያለባትን ቁልፍ፣ ተጫናትና በየትኛው እንደሚወፍር ስማ። ካልበቃ አንዱን በጥቂት ሳምፕል ግፋው፤ በ44.1 ኪሎኸርዝ 44 ሳምፕል 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውንም ለአንዳቸው ብቻ ስጥ፤ ሌላው ለምቱ ጫፍ ይቆይ። ማጣሪያ ራሱ ፌዝ ስለሚነካ ከቆረጥክ በኋላ ያቺን ቁልፍ እንደገና ሞክራት።

ከበሮው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ አጥፋ። ሰፊው ፊቱ ወፍራሙን፣ ጠባቡ ቀጭኑን ያወጣል፤ ወፍራሙ ደግሞ ከኪኩ ጋር አንድ ቦታ ይሻማል። ከበሮውን ወደ ጎን ስትወስደው ጠቡ የበረደ ይመስልሃል፤ በአንድ ስፒከር ግን ያው ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ብዙ ወጣቶች እዚህ ላይ ኢኪው ይዘው ይሮጣሉ። እኔ የምልህ መጀመሪያ ፕሮግራሙን እይ ነው። ቺክቺካው ላይ ከበሮው ሰፊ ፊቱን በሚመታበት ቦታ ሁሉ ኪክም ደርበሃል፤ ለምን? ከእያንዳንዱ ሁለት ኪክ አንዱን አጥፋና ስማው፤ ዘፈኑ ሲተነፍስ ትሰማዋለህ። ከዚህ በኋላ የቀረውን ድፍን ያለ ድምፅ ከ200 እስከ 400 ኸርዝ መሃል ፈልገህ ጥቂት ዴሲቤል ዝቅ ብታደርገው ይበቃል።

የምቶችህንም ጥንካሬ አየሁት፤ ሁሉም 127 ላይ ናቸው። እንደኔ እንደኔ ማስፋቱ ያማረህ በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉም ምት እኩል ሲጮህ ጆሮ ይሰለቻል፤ ሰው ደግሞ ሲሰለች ማስጌጥ ያምረዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። የመጀመሪያዋን ምት ብቻ ከፍ አድርጋት፣ መሃል ያሉትን ከ60 እስከ 90 እያለያየህ ልቀቃቸው፤ ግሪዱ ላይም ሁሉንም አትቸንክር።

ሞኖው ቀጥ ብሎ ሲቆም ሁለተኛውን ስፒከር ክፈት። ኪክ፣ ስኔርና ቤዝ መሃላቸውን አይልቀቁ። ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፦ የድራም ሶፍትዌርህ የኦቨርሄድ ትራክ ገና ሲመጣ ግራና ቀኙ ተወስኖ ነው። ሃይሃቱ ኦቨርሄዱ ላይ በግራ እየተሰማ አንተ የሃይሃቱን ትራክ ወደ ቀኝ ብትስበው አንድ ሃይሃት ሁለት ቦታ ይቆማል። ከመበተንህ በፊት ኦቨርሄዱን ብቻውን አዳምጥና እሱን ተከተል። በድራመሩ ዓይንም ይሁን ከፊት ለፊቱ በተቀመጠው ሰው ዓይን፣ አንዱን መርጠህ እስከ መጨረሻው ጽና። ሳምፕል ሁሉ ስቴሪዮ ሆኖ ስለመጣ ሁሉንም ስቴሪዮ አትተወው፤ አሥር ሰፊ ነገር ሲደራረብ የሚሰፋው አንድም የለም። ስፋቱን ለኦቨርሄዱ፣ ለክፍሉ ድምፅና ለክላፑ ተውላቸው።

ክላፑን ሰፊ አድርገው ስልህ በዚያ ፕለጊን አይደለም። ቤት ያፈራውን ተጠቀም፦ እናትህንና እህቶችህን ሰብስበህ አንዴ አስጨብጭበህ ቅዳ፣ ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ እንደገና ቅዳ። አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ። ሁለቱ ጭብጨባዎች በእውነት የተለያዩ ስለሆኑ ሲደመሩ አይጠፋፉም። እልልታውንም በዚሁ ዘዴ ቅዳው፤ ከሳምፕል እልልታ እግዜር ያውጣህ።

በመጨረሻ ሞኖና ስቴሪዮውን እያፈራረቅህ ስማ። ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን የሄደ ነገር ሞኖ ሲሆን መሃል ካለው አንጻር 3 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ ሪቨርቡም ይሳሳል። ይህ ያለ ነው፣ አትደንግጥ። ለሁለቱም የሚሆን መካከለኛ ልክ ፈልግ፤ ካስቸገረህ ለሞኖው አድላ። የኮሪሌሽን ሜትሩ መርፌ ከዜሮ በታች ወርዶ ከቆየ ግን አንድ የተገለበጠ ነገር አለና ትራኮቹን አንድ በአንድ እያጠፋህ ፈልገው።

እሑድ ስትመጣ የተጨመቀውን ፋይል ሳይሆን ሙሉ ፕሮጀክቱን በፍላሽ ይዘህልኝ ና። ጭብጨባውን ከቀዳህ ዘፈኑ ላይ ሳትከተው ለብቻው አምጣው፤ አብረን እናስገባዋለን።