በ12 ዓመቱ በመምህራን መካከል



ወንጌላዊው ሉቃስ ስለ ጌታችን ልጅነት ከጻፈልን ጥቂት ነገሮች አንዱ፣ እመቤታችንና ቅዱስ ዮሴፍ ሦስት ቀን ፈልገው በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ያገኙት መሆኑ ነው (ሉቃ. 2፥41-52)። የ12 ዓመት ልጅ በሊቃውንት መካከል ተቀምጦ ነበር። እኛ ካህናት ይህን ምንባብ ስንሰብክ ብዙውን ጊዜ የምናደንቀው መልሱን ነው። ሉቃስ ግን አስቀድሞ የሚነግረን ማዳመጡንና መጠየቁን ነው። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል፤ ሊቃውንቱን ያስደነቀው ልጅ በዚያው አልቀረም። ወደ ናዝሬት ወረደ፤ ለወላጆቹም ይታዘዝ ነበር። ከዚያ በኋላ 18 ዓመት ያህል ስለ እርሱ የምንሰማው በጥበብና በቁመት ማደጉን ብቻ ነው።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ አገር ያሉ ብዙ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲዎች የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ተቀብለው የኮሌጅ ኮርስ ያስተምራሉ፤ የወሰዱትም ኮርስ በሁለቱም ወገን ይቈጠርላቸዋል። በዚያ ዘመድ ያላቸው ወላጆች ይህን በስልክ ይሰሙና፣ «ቤተ ክርስቲያን ለእኛስ ልጆች እንዲህ ያለ በር ለምን አትከፍትም?» ይላሉ። ጥያቄው ከቅናት ብቻ የመጣ ነው ብለን አናቃልለው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ቆላ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር ከብቱ ያለቀበት አባት፣ ከልጁ የትምህርት ዘመን አንድ ዓመት ቢቀነስለት ምን ያህል እንደሚቀልለው እናውቃለን።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ያቀርብ ነበር። ያ ግን ለጥቂቶች የተደረገ ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ መሰናዶ የተባለው ሲመጣ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ወረደ፤ አራት ዓመት የነበረው የመጀመሪያ ዲግሪም በብዙ የትምህርት ዘርፍ ሦስት ዓመት ሆነ። እንግዲህ ወላጆች የሚመኙትን ነገር አገሪቱ በሙሉ ለዓመታት ሞክራዋለች ማለት ይቻላል።

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ከዚያም ወዲህ ያየነው የሚያሳዝን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4። ካላለፉትም መካከል የተሻሉት ሬሚዲያል በሚባለው መርሐ ግብር ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት እንደ ገና እንዲማሩ ተደረገ። ያን ጊዜ ኮሌጁ ወደ ትምህርት ቤቱ ወርዶ ነበር፤ አሁን ትምህርት ቤቱ ወደ ኮሌጁ ወጣ። ጥፋቱን ሁሉ በመሰናዶ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ጦርነቱም፣ የመምህራን ኑሮም፣ የኩረጃው ልማድም የየድርሻቸውን አድርገዋል። ነገር ግን ፎቁ ቢጨመርም መሠረቱ እንዳልጸና ማንም ያየዋል።

በክብረ መንግሥት ያለ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማርና 9ኛ ክፍል ሲገባ መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ይህ ራሱ ትልቅ ዝላይ ነው። ከዚህም ሌላ የአዶላ ወርቅ አለ። ገበቴ ይዞ ወንዝ የወረደ ጎረምሳ ዕድል ከቀናው በአንድ ቀን የሚያገኘውን፣ ደብተር የያዘው ጓደኛው ከስንት ዓመት በኋላ ያገኘው ይሆን? ይህን ልጅ በትምህርት ቤት የሚያቆየው ኮርስ ማብዛት አይደለም፤ የተማረው ነገር ሲገባው የሚሰማው ደስታ ነው።

የቀደሙትን ሰዎች እንይ። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ እ.ኤ.አ. በ1239 ገደማ ወደ ናፖሊ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የ14 ዓመት ልጅ ያህል ነበር። ቸኩሎ የገባ ይመስላል። ሆኖም ከአምስት ዓመቱ ገደማ ጀምሮ በሞንቴ ካሲኖ ገዳም በቤኔዲክቶስ መነኮሳት እጅ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተኮትኩቷል። በኋላም ዝምተኛ ስለ ነበር የትምህርት ባልንጀሮቹ ዲዳው በሬ ይሉት ነበር፤ ያዳምጥ ነበርና።

«የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ» የሚለውም ስም እንዳያታልለን። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ሉሲየን ማት ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ሃይማኖት እንዳይሰብኩ ስለ ጠየቋቸው፣ እርሳቸውና ማኅበረተኞቻቸው የካህን ልብሳቸውን አስቀምጠው እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው አስተማሩ። በደጁ ላይ የክርስቲያን ኮሌጅ የሚል ጽሕፈት አልነበረም፤ ሥራው ግን የክርስቲያን ሥራ ነበር። በአንጻሩ የመስቀል ምልክት ያለበት ወረቀት ለማግኘት ብቻ ልጅን ማስቸኰል ምን ይጠቅማል?

እንግዲህ በሩ ቢከፈት ዝጉት አንልም። ጌታችን ራሱ በልጅነቱ በመምህራን መካከል ተገኝቷል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ግን አንድን ልጅ ወደ ፊት ከመግፋታችሁ በፊት የክፍል ደረጃውን ብቻ አትመልከቱ። የማይገባውን ይጠይቃልን? ያነበበውን ምዕራፍ መጽሐፉን ዘግቶ ለታናሽ እኅቱ በአፋን ኦሮሞ ሊያስረዳት ይችላልን? ይህን የሚችል ልጅ ኮሌጅ ቢቀድምበትም አይሰበርም። የማይችለውን ደግሞ ከቅዳሜ ትምህርተ ክርስቶስ በኋላ አንድ ሰዓት አቆይታችሁ በእንግሊዝኛው ንባብና በሒሳቡ እርዱት፤ በቁምስናው ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለዕረፍት ሲመጣ ይህን ሥራ እንዲይዝ ጠይቁት።

ታናሽ እኅቱን ካነሣን ዘንድ፣ ለወላጆች የምንለው አለን። ለወንዱ ልጅ ኮሌጅ ስንመኝ፣ በዚያው ክፍል ያለችው ሴት ልጅ እስኪመሽ ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም ትውላለች። ናዝሬት መውረድና መታዘዝ ለወንዱም ነው፤ ጀሪካኑን እርሱም ይሸከም። የማጥኛ መብራቱም በቤቱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ በየተራ ይሁንላቸው።