ስንት ማጥበቅ ይበቃል?

 

የዛሬው የጁምዐ ማስታወሻችን ስለ አንድ ቡሎን ነው። አዎ፣ ስለ ቡሎን። አትሳቁ፤ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ከወልድያ ወደ ላሊበላ በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሳንቃንና ድልብን ካለፈ በኋላ ዳገቱን ይያያዘዋል፤ መኪናው በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው ደጋው ላይ የሚወጣው። ጋሸና ሲደርስ ከወረታው መንገድ ይገነጠልና ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ ከዚያ ላሊበላ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። የላስታ አገር ለመኪና አይራራም። ከከተማው በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ብቻውን ከ4,200 ሜትር በላይ ነው።

ጋሸና ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን የተቃጠለ ዘይት ሸተተን። ወዲያው ካምቢዮው መጮህ ጀመረ። ሾፌሩ ዳር ያዘ፤ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ስር ድንጋይ አደረገ። ሾፌሩ ከመኪናው ስር ገብቶ ሲወጣ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል።

«የካምቢዮው ዘይት አልቋል» አለ። «የማፍሰሻው ቡሎን ጥርሱ ተበልቷል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ዘይቱን አስቀይሯል። የቀየረለት ልጅ ቡሎኑን መልሶ ሲያስር መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ ነበር ያጠበቀው። «አይዞህ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ የሚፈታው የለም ብሎኝ ነበር» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

ከፊቴ ወንበር ላይ ጥቁር የለበሱ እናት ተቀምጠው ነበር። ወንድማቸው አርፈው ለቀብር ነው የሚሄዱት። ሰዓቱን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ ቀብር ይጠብቃል ወይ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሌላ መኪና አግኝተን ላሊበላ ስንገባ መሽቷል። ወንድማቸው ከተቀበሩ ሰዓታት አልፈዋል።

እስቲ ንገሩኝ፤ ያ ልጅ በድሏል ወይስ አልበደለም?

ለመፍረድ አትቸኩሉ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ሌባም አልነበረም። ቡሎኑን አላልቶ ቢተወው ኖሮ ፍርዱ ቀላል ነበር። እሱ ግን አብዝቶ ነው ያጠበቀው፤ ያውም ለሾፌሩ አስቦ። ጥያቄው ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ በመልካም ኒያ የተጨመረ ትርፍ ጉልበት በደል ይባላል?

ለመመለስ መጀመሪያ የቡሎንን ጠባይ ማወቅ አለብን። ብዙዎቻችን ቡሎን እንደ ሚስማር ዝም ብሎ ሰክቶ የሚይዝ ይመስለናል። አይደለም። ቡሎን ሲጠብቅ በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል። እንደ ተሳበ ላስቲክ ወደ ነበረበት መመለስ ይፈልጋል፤ ሁለቱን ብረቶች ጨምቆ የሚይዘው ያ የመመለስ ጉልበት ነው። ካነሰ አይለጠጥም፤ መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ ይፈታዋል፣ ዘይቱም ያንጠባጥባል። ከበዛ ደግሞ ተለጥጦ ይቀራል፤ መመለሻውን ያጣል። የብዙ መኪኖች የካምቢዮ ቤት አሉሚኒየም ስለሆነ ከብረቱ ቡሎን ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላው የቤቱ ጥርስ ነው።

ስለዚህ የመኪና አምራች ለእያንዳንዱ ቡሎን ቁጥር ይጽፋል። መለኪያው ኒውተን ሜትር ይባላል፤ ጉልበቱ ከመፍቻው ርዝመት ጋር ተባዝቶ ማለት ነው። የካምቢዮ ማፍሰሻ ቡሎን ብዙ ጊዜ 40 ግድም ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በየመኪናው መጽሐፍ ላይ አለ። ይህ ስንት እንደሆነ በእጃችሁ እንዲሰማችሁ፣ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መፍቻ በአግድም ይዛችሁ ጫፉ ላይ ውሃ የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን ብትሰቅሉ 50 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። አሁን መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክታችሁ ርዝመቱን አንድ ሜትር አድርጉት። ያው ጀሪካን፣ ያው ክንድ ነው፤ ቡሎኑ ላይ የሚደርሰው ግን አራት እጥፍ፣ ወደ 200 ኒውተን ሜትር ሆነ። ልጁ ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ያወጣ አልመሰለውም። እጁ አልነገረውም። ቧንቧው ስሜቱን ሰረቀው።

ሌላም ነገር አለ። መፍቻው ላይ ከምናሳርፈው ጉልበት አብዛኛው፣ ወደ 90 በመቶው፣ በሰበቃ ያልቃል፤ ቡሎኑን የሚለጥጠው ከአሥር አንዱ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ዝገት ቢኖረው ሳይያዝ የጠበቀ ይመስላል፤ ዘይት ቢነካው ደግሞ በዚያው ጉልበት ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። «እጄ ያውቃል» ማለት ስንት ጊዜ ሊያታልለን እንደሚችል ተመልከቱ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህ ነገር ለዲናችን እንግዳ አይደለም። በሱረቱ ሰበእ፣ 10ኛውና 11ኛው አያ ላይ፣ አላህ (ሱ.ወ) ለነብዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረትን እንዳለሰለሰላቸው፣ የብረት ጥሩር እንዲሠሩና ቀለበቶቹን ሲያያይዙ መጠን እንዲጠብቁ እንዳዘዛቸው እናነባለን። የታቢዒዮች የተፍሲር ሊቅ ሙጃሂድ ይህን ሲያብራሩ፣ ኢብኑ ከሲር እንዳሰፈሩት፣ ነገሩን ወደ ሚስማሩ ይወስዱታል፤ ሚስማሩ ከቀጠነ ቀለበቱ ውስጥ ይወዛወዛል፣ ከወፈረ ቀለበቱን ይሰብረዋል። ሱብሃነላህ! መላላትም ጥፋት ነው፣ መብዛትም ጥፋት ነው። ትእዛዙ ደግሞ የመጣው ለነብይ ነው፤ ብረት በእጁ ለለሰለሰለት ሰው። ችሎታ ያለው ሰው እንኳ መጠን ጠብቅ ተባለ። አያው የሚዘጋው አላህ የምንሠራውን እንደሚያይ በማስታወስ ነው። ከመኪና ስር ያለ ቡሎን ማን ያየዋል? መልሱ እዚያው አያ ላይ አለ።

አሁን ወደ ልጁ ኒያ እንመለስ። ሥራ በኒያ መሆኑን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ግን ሁለት ነገር አንቀላቅል፤ ወንጀል ሌላ ነው፣ ዕዳ ሌላ ነው። መልካም ኒያ ወንጀልን ሊያቀል ይችላል፤ የሰውን ሐቅ ግን አይሰርዝም። ፉቀሃዎች ይህን የተነጋገሩት በልብስ አጣቢ ምሳሌ ነው። አጣቢው ልብሱን ሲደበድብ ቢቀደው ይክፈል ወይስ አይክፈል? በሐነፊዮች ዘንድ ይከፍላል፤ ምክንያቱም ባለቤቱ የፈቀደለት ልብሱን የሚያስተካክል ሥራ እንጂ የሚያበላሽ ሥራ አይደለም። የአቡ ሐኒፋ ተማሪ ዙፈር ግን አይከፍልም ብለዋል፤ ደብድብ ተብሎ ታዝዞ ነው የደበደበው ይላሉ። ሁለቱም ክርክር ክብደት አለው። እኔን ግን የነካኝ የመጀመሪያው ነው። ሾፌሩ «አጥብቅልኝ» ሲል «እንዲይዝ አድርግልኝ» ማለቱ ነበር። ፈቃዱ እስከሚይዝበት መጠን ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ግፊት ያልተፈቀደ ነው።

«ግን እኮ ስንቱ በቧንቧ ያጠብቃል፤ ምንም አይሆንም!» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ስንቱ ይተርፋል። ሁለት መካኒኮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቧንቧ ቢያጠብቁ፣ አንዱ የነካው መኪና ሜዳ ላይ ሲመላለስ ይከርማል፤ የሌላው ዳገቱ ላይ ይቆማል። ዕዳቸው አንድ አይደለም፤ አንዱ የሚከፍለው ጉዳት አለ፣ ሌላው የለውም። ሁለቱም ግን ሳይለኩ የሰው ነፍስ የሚጫንበትን ነገር አስረዋል። በዚህ እኩል ናቸው። የተረፈው ሹክር ማድረግ ይገባዋል፤ መትረፉን ግን የትክክለኛነቱ ማስረጃ አያድርገው።

በ1990 ሰኔ ወር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከእንግሊዟ በርሚንግሃም የተነሳ የመንገደኛ አውሮፕላን የፓይለቱ የፊት መስታወት በአየር ላይ ተገንጥሎ ሄደ። ካፒቴኑ ወገቡ ድረስ ወደ ውጭ ተሳበ፤ ባልደረቦቹ እግሩን ይዘው አዳኑት፤ ረዳት አብራሪውም አውሮፕላኑን በሰላም አሳረፈ። ሲጣራ፣ መስታወቱ በዋዜማው የታሰረበት 90 ቡሎን ሁሉ የተሳሳተ ነበር፤ 84ቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ መጠን የቀጠኑ፣ ስድስቱ ያጠሩ። ያሰራቸው ልምድ ያለው ባለሙያ ነበር። አሮጌውን ቡሎን ከአዲሱ ጋር በዓይኑ አስተያየና «ይኸው ነው» አለ፤ መጽሐፉን አላየም። ያጠፋው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ያወቀ መስሎት ነው።

«ታዲያ ቶርክ መፍቻ የሌለው የላስታ ልጅ ምን ያድርግ?» ትሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም። ቡሎንም ችሎታው አናቱ ላይ ተጽፎበታል፤ 8.8 የሚል ካያችሁ፣ የመጀመሪያው 8 ሳይበጠስ የሚችለውን ይነግራችኋል፤ ነጥብ 8 ደግሞ ከዚያ 80 በመቶው ላይ ሲደርስ ተለጥጦ እንደሚቀር። ሰውም እንዲሁ የአቅሙን ይጠየቃል። ግን አቅሙ ውስጥ ስንት ነገር አለ! ጥርሱን መጥረግ። ሮንዴላውን መቀየር። ብዙ ቡሎን ሲሆን በአንድ ጊዜ አለማጥበቅ፣ እያቀያየሩ በመስቀልኛ ደረጃ በደረጃ ማሰር። ቧንቧውን መተው። በቀለም ምልክት አድርጎ ከጥቂት ጉዞ በኋላ መልሶ ማየት። ከሁሉም በላይ ለሾፌሩ «በእጄ ነው ያጠበቅኩት፤ ጋሸና ላይ ወርደህ እያት» ብሎ እውነቱን መናገር። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። «ከእንግዲህ የሚፈታው የለም» ከማለት ግን ይከብዳል፤ ምክንያቱም የራስን ወሰን ማመን ነው።

በማግስቱ ላሊበላ ውስጥ ስዘዋወር ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት አየሁ። መቼም ዓለም የሚያውቃቸው ናቸው። ከቀረጻው ይልቅ አንድ ነገር አሳሰበኝ፤ ድንጋይ የሚፈለፍል ሰው አንድ ጊዜ አብዝቶ ከመታ የወደቀውን መልሶ አይለጥፈውም። መዶሻውን የሚያነሳው እጅ የት እንደሚያቆም ካላወቀ ብርታቱ ራሱ አጥፊ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ልንገራችሁ። መንገድ ዳር ቆመን መኪና ስንጠብቅ ያን ልጅ በልቤ ስወቅሰው ነበር። ከዚያ አንድ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። ቁርአን ያስቀራሁት ልጅ ነው፤ ጎበዝ ነበር። ጎበዝ ስለሆነ ጨመርኩበት። አንድ ገጽ ሲይዝ ሁለት አልኩት፤ ሁለት ሲይዝ በሰው ፊት «ሦስት ያቅትሃል?» አልኩት። ኒያዬ መልካም ነበር፤ ወላሂ ክፉ አላሰብኩም። አንድ ቀን ቀረ፤ በዚያው ቀረ። ሰው ሲጠይቀኝ «ዱንያ ወሰደችው» ስል ኖሬያለሁ። ዳገቱ ላይ ቆሜ ግን ቧንቧው የኔ እንደነበር ገባኝ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ዲን ገር መሆኑን፣ በራሱ ላይ የሚያከብደውም እንደሚሸነፍ ነግረውናል። እኔ ደግሞ በሌላ ሰው ላይ አከበድኩ።

ደወልኩለት። «ኡስታዝ፣ አለሁ» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ዝም አለ። ተመልሶ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ጥርሱ ከተበላ ቡሎን ቀዳዳ ጋር የሚያመሳስለው ይህ ነው፤ ይጠገናል፣ ግን እንደ መጀመሪያው በአንድ እጅ አይታሰርም።

እኔ ቢያንስ የማንን ሐቅ እንደነካሁ አወቅኩ፤ ስልኩም ነበረኝ። ያ የጋራዥ ልጅ ግን የእኒያን እናት ስም አያውቅም። ከወንድማቸው ቀብር እንዳስቀራቸው አልሰማም፤ ምናልባት ዛሬም ቧንቧውን ይዞ «አይዞህ» እያለ ይሆናል። የሰው ሐቅ ያለበት ተውበት ባለቤቱን ፈልጎ መመለስን ይጠይቃል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ በማታውቁበት ሥራ ላይ፣ መኪና ጠግናችሁ፣ መድኃኒት ሰጥታችሁ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ዘርግታችሁ፣ ቁጥር መዝግባችሁ ስትሄዱ፣ ሐቁን የመጠበቂያው ጊዜ ከሥራው በፊትና በሥራው ላይ ነው። በኋላ የምትፈልጉት ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ዛሬ ከጁምዐ ሰላት በኋላ አንዲት ነገር አድርጉ። በእጃችሁ ካለው ሥራ ወይም በእጃችሁ ካለ ሰው አንዱን ምረጡና ራሳችሁን ጠይቁ፤ እዚህ ላይ የምጨምረው ጉልበት የሚይዝ ነው ወይስ የሚሰብር? ቁጥሩን አውቀዋለሁ ወይስ እየገመትኩ ነው? ካላወቃችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያዋርድም።

ያ ረብ! የማይታየውን ሥራችንን እንደሚታየው አድርግልን። በማነስም በመብዛትም የሰው ሐቅ ከመንካት ጠብቀን። ሳናውቅ የበደልናቸውን ከእዝነትህ ክሳቸው። ለመንገደኞቻችን ሁሉ ሰላምን ወፍቅልን። አሚን።