እሳትና ጭድ አይደለንም

«ወንድና ሴት እሳትና ጭድ ናቸው» ሲባል እየሰማን አድገናል። ምክሩ ከንቱ አይደለም፤ የሰውን ድካም ከሚያውቅ ልብ የወጣ ነው። ግን አንድ ነገር ይዘነጋል፤ ጭድ ፈቃድ የለውም፣ እሳት ሲነካው ይነዳል። ሰው ግን ያያል፣ ያመዛዝናል፣ ይመርጣል። ስለዚህ ሁለቱን ምን ያህል እናራርቃቸው ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ተቀራርበው ሳሉ በቅድስና መዋደድ ይችላሉን?

ብዙዎቻችን ንጽሕናንና ድንግልናን አንድ አድርገን እናያለን። ድንግልና የኑሮ ሁኔታ ነው፤ ንጽሕና ግን ምግባር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ የተጠመቀ ሁሉ ለንጽሕና መጠራቱን ያስተምራል፤ ባለትዳሩም፣ ያላገባውም፣ መነኩሴውም እያንዳንዱ እንደ ኑሮው። ይህ ከባድ ነገር ያስከትላል። ሚስቱን ለስሜቱ ማብረጃ ብቻ የሚፈልግ ባል፣ ወደ ሌላ ሴት ባይሄድም እንኳ ንጽሕናን ገና አላወቃትም።

ኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የሆኑት ካሮል ቮይቲዋ በ1960 «ፍቅርና ኃላፊነት» በተባለ መጽሐፋቸው ነገሩን ከሥሩ ይዘውታል። ሰው ሊወደድ እንጂ መጠቀሚያ ሊሆን አይገባም ይላሉ። እንግዲህ የንጽሕና ተቃራኒ መቀራረብ አይደለም፤ ሌላውን የራስ ንብረት ማድረግ ነው።

ይህ በኑሮ እንዴት ይታያል? በ1604 ዐቢይ ጾም የጄኔቭ ጳጳስ ፍራንሷ ደ ሳል በፈረንሳይ ከተማ በዲዦን ይሰብኩ ነበር። ከሚያዳምጧቸው መካከል ባሏ በአደን ላይ በስሕተት ተተኩሶበት የሞተባት፣ አራት ልጆች የምታሳድግ መበለት ነበረች፤ ዣን ደ ሻንታል። ቀድሞ የነፍስ አባቷ የነበረው ሰው ሌላ መሪ እንዳትይዝ፣ የነገራትንም ለማንም እንዳትገልጽ በስእለት አስሯት ነበር። ፍራንሷ በዚያው ዓመት መሪነቷን ሲቀበሉ አስቀድመው ከዚያ ስእለት ፈቷት። ወዳጅነታቸው በመፍታት ተጀመረ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተጻጻፉ። ደብዳቤዎቻቸው ፍቅርን አይደብቁም። በ1610 በአንሲ ከተማ፣ እመቤታችን ኤልሳቤጥን በጎበኘችበት ምሥጢር የተሰየመውን የደናግል ማኅበር አብረው መሠረቱ። በ1616 ግን፣ ዣን ሱባኤ ላይ ሳለች፣ ፍራንሷ በእግዚአብሔር ብቻ እንድትደገፍ፣ እርሳቸውን ከመደገፍ እንኳ እንድትላቀቅ ጠየቋት። ታዘዘች፤ ያለ ሕመም ግን አልነበረም። ሊይዟት ይችሉ የነበሩት ሰው ለቀቋት። በ1622 እርሳቸው ሲያርፉ ሥራው አልፈረሰም፤ በ1641 እርሷ ስታርፍ የማኅበሩ ገዳማት ከ80 በልጠው ነበር።

«እነርሱ ቅዱሳን ናቸው፤ እኛስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የራሱን ድካም የማያውቅ ሰው ፈጥኖ ይወድቃልና። ንጽሕናም በጸሎት፣ በንስሓና በጸጋ የምትጠበቅ እንጂ በጉልበት ብቻ የምትያዝ አይደለችም። ቢሆንም የእነዚህ ሁለት ሰዎች ታሪክ ለማንኛችንም የሚሆን መመዘኛ ይሰጣል። ይህ ፍቅር ሌላውን ነፃ ያወጣዋል ወይስ ያስረዋል? በብርሃን ይቆማል ወይስ ምስጢር ካልሆነ አይኖርም? ከሁለቱ አልፎ ለሌሎች ፍሬ ያፈራል ወይስ እዚያው ያልቃል? እጮኛሞች፣ ባልና ሚስት፣ ካህንና ምእመን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚውሉ ባልደረቦች ሁሉ ራሳቸውን ሊጠይቁበት ይችላሉ።

ልጆቻችንን ስንመክር እሳቱን እንዲፈሩ ብቻ አንንገራቸው። ፍርሃት ከዓይን ሲርቁ ይጠፋል፤ አክብሮት ግን በጨለማም አብሮ ይሄዳል። ወንድ ልጃችንን «አትንካት» ከማለታችን በፊት ማን መሆኗን እናስተምረው፤ ሴት ልጃችንንም እንዲሁ። በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ሰው ጭድ አይደለም።